የአማኑኤል ሆስፒታል ታሪክ፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ ነዋሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሆኖም በጁገል ውስጥም ሆነ በድሬዳዋ ከዚራና መጋላ ስሙን ያልሰማ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ሆስፒታሉ እንዴት እንደተቋቋመ፣ ሕክምናው በየዘመኑ ምን ይመስል እንደነበረና የምሥራቁ ሕዝብ ከሆስፒታሉ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት እንደነበረው የሚመለከቱ ናቸው። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ሆስፒታሉ መቼና በማን ዘመን ተቋቋመ?

የተቋቋመው በ1930 ዓ.ም. ነው። ጊዜው ጣሊያን አገሪቱን ወርሮ የያዘበት፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለው ዘመን መካከል ነው። ቦታው በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ወራሪው አስተዳደር የአራዳን ገበያ አንሥቶ መርካቶን ባቋቋመበት አካባቢ ሲሆን፣ ስሙንም በአቅራቢያው ካለው የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ጋር ይጋራል።

የሆስፒታሉን መነሻ ከወረራው ነጥሎ ማየት አይቻልም። በአህጉራችን ብዙዎቹ ቀደምት የአእምሮ ሆስፒታሎች በቅኝ ገዥዎች የተከፈቱ ናቸው፤ የናይሮቢው ማታሪ እ.ኤ.አ. በ1910 የተከፈተው በእንግሊዞች ዘመን ነበር፣ የአእምሮ ሐኪሙና የቅኝ ግዛት ተቃዋሚው ጸሐፊ ፍራንዝ ፋኖን እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሠራበት የአልጄሪያው ብሊዳም የፈረንሳይ አስተዳደር ተቋም ነበር። የእነዚህ ተቋማት የመጀመሪያ ዓላማ ከማዳን ይልቅ ከመንገድ ላይ ማንሣትና ለይቶ ማቆየት እንደነበረ የሚከራከሩ ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አመለካከትም ክርክሩ ውኃ የሚያነሣ ነው። አማኑኤልን ለየት የሚያደርገው ተቋሙ ወራሪው ከወጣ በኋላ በኢትዮጵያ መንግሥት እጅ ገብቶ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዛሬዋ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ መቀጠሉ ነው።

ከሆስፒታሉ በፊት የአእምሮ ሕሙማን የት ይታከሙ ነበር?

በቤታቸው፣ በጸበል ቦታ፣ በሼኾችና በደብተራዎች ዘንድ ነበር። «ነበር» ማለቱ ግን አሳሳች እንዳይሆን ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሆስፒታሉ ከተከፈተ በኋላም ይህ ልማድ አልቀረም። በምሥራቁ አገር ሁለቱም ወገን ጠንካራ መሠረት አለው። ክርስቲያኑ ታማሚውን ይዞ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይሳላል፣ ወይም በአቅራቢያው ወዳለው ጸበል ይወስደዋል፤ ሙስሊሙ ቁርኣን ያስቀራለታል፣ በሐረር ዙሪያ ካሉት የአዋች ቦታዎች (የቅዱሳን መካነ መቃብሮች) ወደ አንዱ ወስዶ ዱዓ ያስደርግለታል። ሕመሙ ዛር ነው ተብሎ ከታመነ ደግሞ መንገዱ ወደ ባለ ዛሩ ቤት ነው፤ በዚህ ረገድ በሁለቱ እምነቶች ተከታዮች መካከል ያለው ልዩነት ሰዎች ለማመን ከሚወዱት በታች ነው።

ወደ ሆስፒታል የሚኬደው ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ ተሞክሮ፣ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ካለቀ በኋላ ስለነበር፣ ታማሚው አማኑኤል በር ላይ ሲደርስ ሕመሙ ከጀመረው ዓመታት አልፈውታል። በእግሩ ወይም በእጁ ላይ የሰንሰለት ወይም የገመድ ጠባሳ ይዞ የሚደርስ ታማሚ ለሐኪሞቹ እንግዳ ነገር አልነበረም። ይህን የሚያነብ ሰው ቤተሰቡን ጨካኝ አድርጎ ለመፍረድ ቢቸኩል ተገቢ አይሆንም። በሌሊት ወጥቶ ገደል የሚገባን ልጅ ለማቆየት ሌላ መንገድ ያላገኘች እናት ማሰሯ፣ የሕክምናው አለመኖር ያመጣው እንጂ የፍቅር ማጣት አልነበረም።

ለዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሆስፒታል ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

ዋናው ምክንያት ሐኪም አለመኖሩ ነው። በሆስፒታሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሠሩት የአእምሮ ሐኪሞች ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህ ትምህርታቸውን በውጭ አጠናቅቀው ሥራ የጀመሩት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። በዚያም ጊዜ ሆነ ከዚያ በኋላ የመንግሥት የጤና በጀት በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በእናቶችና በሕፃናት ሞት ላይ ያተኮረ ነበር። የአእምሮ ሕመም በአብዛኛው ቶሎ ስለማይገድል በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 እንኳ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ከ12 አይበልጡም ነበር፤ የሕዝቡ ቁጥር ግን ከ65 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር።

ከሐረርና ከድሬዳዋ ታማሚ ወደ አማኑኤል የሚወሰደው እንዴት ነበር?

አብዛኛውን ጊዜ በባቡር ነበር። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ አማኑኤል ሲከፈት ምሥራቁ ከሌሎች ብዙ ክፍላተ ሀገር የተሻለ መጓጓዣ ነበረው። የወለጋ ወይም የጎጃም ታማሚ በበቅሎና በጭነት መኪና የሚያደርገውን ጉዞ፣ የሐረርጌው ድሬዳዋ ድረስ ወርዶ በባቡር ያሳልፈው ነበር።

ይህ ማለት ግን ጉዞው ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ሐዲድ ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ባቡሩ በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶና በአዋሽ እያቆመ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ሻጭና ተሳፋሪ በመስኮትና በበር እየተጋፋ የሚያልፍ ነው። እንቅልፍ ካጣ ቀናት የሆነውን፣ ድምፅ የሚሰማውንና የሚያየውን ሁሉ የሚጠራጠርን ሰው በዚህ ሁሉ መካከል መያዝ ቢያንስ ሁለት ጉልበት ያለው አስታማሚ ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱ ታማሚውን ከበር ርቆ በመስኮት በኩል አስቀምጦ ከጎኑ አይነሣም፤ ሌላው ውኃና ምግብ ያመጣል፣ ከተሳፋሪውም ጋር ይግባባል። ሦስተኛ ሰው የሚያስፈልገው አዲስ አበባ ከተደረሰ በኋላ ነው። አልጋ እስኪገኝ ድረስ የሚያሳድር ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በመርካቶ አካባቢ ርካሽ አልጋ ቤት ፈልጎ ወረፋ ይጠብቅ ነበር፣ ያ አልጋ ቤት ደግሞ ታማሚ ይዞ የመጣን ሰው ሁልጊዜ አይቀበልም።

በመኪና የሚሄደው ከሐረር በቁልቢ፣ በጨለንቆ፣ በሂርናና በአሰበ ተፈሪ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። የጨርጨር ተራሮች መንገድ ጠመዝማዛ በመሆኑ፣ አሮጌው ባቡር በነበረበት ጊዜ አቅሙ ያለው ሰው እንኳ ታማሚ ሲይዝ ባቡሩን ይመርጥ ነበር።

በሆስፒታሉ ውስጥ ይሰጥ የነበረው ሕክምና ምን ነበር?

ሆስፒታሉ በተቋቋመበት ዓመት በዓለም ላይ ለስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ ለሚያሰማውና ከእውነታ ለሚያርቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ የሚሆን መድኃኒት አልነበረም። በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተሞከረው ሮም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ማለትም አማኑኤል በተከፈተበት በዚያው በ1930 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕክምና፣ በአውሮፓ እንደነበረው ሁሉ፣ ከማስተኛት፣ ከማረጋጋትና ከመጠበቅ ብዙም አያልፍም ነበር።

ለውጡ የመጣው ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን ከተሰጠ በኋላ ነው። ሃሎፔሪዶል እ.ኤ.አ. በ1958 ተከተለ፤ ለድባቴ የሚሰጡት ኢሚፕራሚንና አሚትሪፕቲሊንም በዚሁ ዘመን የተገኙ ናቸው። ሊቲየም ለባይፖላር ሕመም (ስሜት ከልክ ባለፈ መነቃቃትና በድባቴ መካከል ለሚዋዥቅበት ሕመም) እንደሚጠቅም አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1949 ጽፎ ነበር፤ ሆኖም ሊቲየም በደም ውስጥ ያለውን መጠን በላቦራቶሪ እየለኩ የሚሰጥ በመሆኑ፣ እንደኛ ባለ አገር ለብዙ ታማሚዎች የሚደርስ መድኃኒት ሊሆን አልቻለም።

ለሩቅ አገር ታማሚ ግን ከሁሉም በላይ ኑሮን የቀየረው፣ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት፣ በክኒን ፋንታ በወር አንድ ጊዜ ገደማ የሚወጋው መርፌ ነው። በአገራችን «ሞዲኬት» በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቀው ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት በዘይት ውስጥ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ መቀመጫ ጡንቻ ውስጥ ከገባ በኋላ ለሳምንታት ቀስ እያለ ወደ ደም ይሠርጋል። ክኒኑን ከምላሱ ሥር ደብቆ የሚተፋ፣ ወይም «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቋርጥ ታማሚ በዚህ መርፌ ወደ ሥራው ሲመለስ ታይቷል። ጉዳትም አለው፤ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ አካሄድን ያደርቃል፣ አንዳንድ ጊዜ አንገትን ያጣምማል፣ ምላስን ያስራል። ይህን ለማስታገስ ትራይሄክሲፌኒዲል፣ ብዙዎች «አርቴን» የሚሉት ክኒን፣ ይታዘዛል። ቤተሰቡ ስለዚህ ጎን ጉዳት አስቀድሞ ካልተነገረው «መርፌው ልጄን ሽባ አደረገው» ብሎ ሕክምናውን እንደሚያቋርጥ ለረጅም ጊዜ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ነርሶች ሁሉ ያውቁታል።

«አማኑኤል የገባ አይወጣም» የሚባለው እውነት ነው?

በአብዛኛው እውነት አይደለም። ወደ ሆስፒታሉ ከሚመጡት እጅግ የሚበዙት ተመላላሽ ታካሚዎች ናቸው፤ ታይተው፣ መድኃኒት ታዞላቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በቅርብ ዓመታት የወጡ የጥናት ጽሑፎች የሆስፒታሉን አልጋ ብዛት 268 አድርገው ይጠቅሳሉ፣ ይህም በየቀኑ ከሚታየው የተመላላሽ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

አባባሉ ግን ከምንም አልመጣም። ከሕመማቸው ቢያገግሙም የሚወስዳቸው ቤተሰብ ያልተገኘ፣ ወይም አድራሻቸው ያልታወቀ ታማሚዎች ለዓመታት በሆስፒታሉ የኖሩበት ጊዜ ነበር። ረጅም ጊዜ የሚቆዩትን ለመቀበል ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ገፈርሳ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል ተቋቁሟል። ከሩቅ የመጣ ታማሚ ወደዚህ ዕጣ የመግባት ዕድሉ ከአዲስ አበባ ነዋሪው ይበልጥ ነበር፤ ምክንያቱም አስታማሚው ልጁን አስተኝቶ ወደ ሐረር ከተመለሰ በኋላ ለመጠየቅ ሌላ የባቡር ወጪ፣ ለማውጣት ደግሞ ሌላ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። በስልክ ማግኘት በማይቻልበት ዘመን አንድ ዓመት ሳይታሰብ ያልፋል።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ወደ አእምሮ ሆስፒታል የሚላከው ለምንድን ነው?

የሚጥል በሽታ የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ የአንጎል ነርቭ ሕመም ነው። ሆኖም በአገራችን የነርቭ ሐኪሞች ቁጥር ከአእምሮ ሐኪሞችም ያነሰ ስለነበረ፣ አማኑኤልና በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የተከፈቱት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ሁለቱንም ታማሚዎች ያዩ ነበር። የሚሰጠው መድኃኒት በአብዛኛው ፌኖባርቢታል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ ርካሽና ለብዙዎች የሚሠራ ክኒን ነው። ሰዎች ይህን ሕመም የሚያዩበት ዓይን ክፉ በመሆኑ፣ «አማኑኤል ካርድ አለው» የሚለው ወሬ የትዳር ጥያቄን እስከ ማፍረስ ይደርሳል።

ፍርድ ቤት ሰውን ወደ አማኑኤል የሚልከው ለምንድን ነው?

ተከሳሹ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የሚያደርገውን የማወቅ ወይም ራሱን የመቆጣጠር ችሎታ ነበረው ወይ የሚለውን በባለሙያ ለማስመርመር ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 በሕመም ምክንያት ይህ ችሎታ ያልነበረው ሰው በወንጀል ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 51 ደግሞ ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ እንዲያገኝ ያዛል። ይህን ምርመራ ለማድረግ የሚችል ተቋም ለረጅም ጊዜ በተግባር አማኑኤል ብቻ ስለነበረ፣ ከሐረርም ከጎዴም የተነሣ ተከሳሽ በፖሊስ ታጅቦ ወደዚያ ይላክ ነበር፤ ወረፋው በረዘመ ቁጥርም መዝገቡ ይቆማል፣ ተከሳሹም በእስር ቤት ይጠብቃል።

በፍትሐ ብሔር በኩል ያለው ሕግ የበለጠ ትኩረት የሚስብ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል ወይም ለዚሁ በተሠራ ተቋም ውስጥ የሚገኝ ሰው፣ በዚያ እስካለ ድረስ፣ ሕመሙ በግልጽ የታወቀ ሆኖ እንደሚቆጠር በአንቀጽ 341 ይናገራል፤ በዚህም ምክንያት በዚያ ጊዜ የፈረማቸው ውሎች ሊፈርሱ ይችላሉ። ሆስፒታል በሌለበትስ? ሕግ አውጪው ይህንንም አስቦበታል፤ ከ2,000 ነዋሪ በታች ባለው መንደር ቤተሰቡ ሰውየውን በሕመሙ ምክንያት እየጠበቀው መዘዋወሩን ከገደበ፣ ያም እንደ ግልጽ ማስረጃ እንዲወሰድ በአንቀጽ 342 አስቀምጧል። በአገሪቱ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል አንድ ብቻ መሆኑን አውቆ፣ በቤት ውስጥ መጠበቅን ከሆስፒታል እኩል ሕጋዊ ውጤት የሰጠ ድንጋጌ አድርጎ ማንበብ ይቻላል። ቤትና መሬት ላይ ለሚነሣ የውርስ ክርክር ይህ ልዩነት ዛሬም ዋጋ አለው።

በሐረር ወይም በድሬዳዋ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሆስፒታል ለምን አልተሠራም?

ምሥራቁ በዘመናዊ ሕክምና ወደ ኋላ የቀረ አገር ስለነበረ አይደለም። ሐረር በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ በራስ መኰንን ዘመን ሆስፒታል ነበራት፤ የጓድሉፑ ተወላጅ ዶክተር ዦዜፍ ቪታልየንም በዚያ ሠርተዋል። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በተመለከተ ደግሞ ሐረር ከመላው አገር ትቀድማለች፤ የካፑቺን ሚሲዮናውያን የቅዱስ አንጦንዮስን መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1901 በከተማዋ ሲያቋቁሙ፣ ከሐረር በስተምሥራቅ የሚገኘው የቢሲዲሞ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ድርጅት ድጋፍ ተከፍቶ ዛሬ አጠቃላይ ሆስፒታል ሆኗል።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚሲዮኑም በውጭ በጎ አድራጊውም ዘንድ ተቆርቋሪ ነበራቸው፤ ሕመሙ በዓይን ይታያል፣ ፎቶግራፉ ገንዘብ ያሰባስባል፣ መጽሐፍ ቅዱስም ስሙን ይጠራዋል። የአእምሮ ሕሙማን እንዲህ ያለ ተቆርቋሪ አላገኙም። መንግሥትም ቢሆን አማኑኤል እስካለ ድረስ ሌላ ሆስፒታል የመሥራት አጣዳፊ ምክንያት አልታየውም፤ ባቡሩ ታማሚውን የሚያደርስ መሆኑ ራሱ፣ እንግዳ ቢመስልም፣ ምሥራቁን ሳይጎዳው አልቀረም። በኋላም አስተሳሰቡ ሲለወጥ፣ የተመረጠው መንገድ በየክልሉ ሁለተኛና ሦስተኛ አማኑኤል ማቆም ሳይሆን አገልግሎቱን በነባሮቹ ሆስፒታሎች ውስጥ ማስገባት ሆነ። ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነበር፤ ዘግይቶ መምጣቱ ነው ጉዳቱ።

በሐረርና በድሬዳዋ ያሉት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች እንዴት ተከፈቱ?

ከነርሶች ሥልጠና ነው የተጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1987፣ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ፣ በአማኑኤል ሆስፒታል ውስጥ ለነርሶች የአንድ ዓመት የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና መሰጠት ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አገሪቱ የአእምሮ ሐኪም የላትም፣ ሐኪም ለማፍራት አሥር ዓመት ይፈጃል፣ ልምድ ያለውን ነርስ ግን በአንድ ዓመት አሠልጥኖ ወደመጣበት ሆስፒታል መመለስ ይቻላል። የተመረቁት ነርሶች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመደቡ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥንና የካርድ መደርደሪያ ተሰጥቷቸው ሥራ ጀመሩ። ሕመሙን የሚለዩት፣ መድኃኒቱን የሚያዝዙትና ክትትሉን የሚመዘግቡት እነርሱ ነበሩ።

ይህ በታሪኩ ውስጥ ከሆስፒታሉ መመሥረት የማያንስ ክስተት ነው፤ ነገር ግን ሐውልትም ምርቃትም ስላልነበረው ብዙም አይወራለትም። ለሐረሩ ታማሚ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የወር መርፌውን ለመወጋት ሁለት አስታማሚ ይዞ አዲስ አበባ መሄዱ ቀርቶ፣ ጠዋት ሄዶ ለምሳ ቤቱ ይደርሳል። ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው የሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ሆነ የድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣሉ። እንዲህም ሆኖ እዚያው በአቅራቢያው ያለውን ክፍል ሳያይ፣ «ዋናው ያለው አማኑኤል ነው» ብሎ በቀጥታ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ ዛሬም አለ።

የአእምሮ ሐኪሞችስ በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት መቼ ነው?

በጥር 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሦስት ዓመት የስፔሻሊስት ሥልጠና የከፈተ ሲሆን፣ የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ከኢትዮጵያውያኑ መምህራን ጋር ያስተምሩ ነበር። ከዚያ በፊት ሠልጣኙ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፣ ከሄዱትም ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። አማኑኤል ለእነዚህ ሠልጣኞች ዋነኛ የልምምድ ቦታ ሆኖ አገልግሏል፤ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበርም ሐኪም ላልሆኑ ባለሙያዎች የአእምሮ ጤና የማስተርስ ትምህርት ሰጥቷል።

ከሆስፒታሉ ውጭ ያለው ታማሚ ምን ያህል ነበር?

ለዚህ የተሻለው መልስ የመጣው ከቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። ከተገኙት የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች እጅግ የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትርቅ መሆኗን ያስተዋለ ሰው፣ በኤረር ሸለቆ ወይም በጉርሱም ገጠር ሁኔታው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይቸግረውም።

ይህን የመሰሉ ጥናቶች ፖሊሲውን ገፍተውታል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የሚዘልቅ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ያወጣ ሲሆን፣ ዋና ሐሳቡም የአእምሮ ሕክምና ከሆስፒታል ወርዶ እስከ ጤና ጣቢያ ይድረስ የሚል ነው።

ጫት በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ አለው?

ጥያቄው በተለይ ከኛ አካባቢ ይነሣል፤ አወዳይን በመሰለ ገበያ አጠገብ የሚኖር ሕዝብ ቢጠይቅ አያስገርምም። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነገር ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ በፍጥነት ይዳከማል፤ የጫት መኪኖቹ ያንን ያህል የሚከንፉትም ለዚሁ ነው። በቡታጅራ ከ10,000 በላይ ጎልማሶችን የጠየቀ ሌላ ጥናት ግማሽ ያህሉ በጊዜው ይቅሙ እንደነበር አሳይቷል፤ ስለዚህ መቃም ብቻውን ሰውን ያሳብዳል ቢባል ሆስፒታሎቹ ሁሉ አይበቁም ነበር። የተረጋገጠው ነገር፣ ብዙ መቃም ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ የሕመሙን ምልክቶች ሊቀሰቅስ፣ እንቅልፉን ሊያሳጣና በመድኃኒት የተረጋጋን ታማሚ ሊያገረሽበት እንደሚችል ነው። አንዳንድ ታማሚ ደግሞ መድኃኒቱ የሚያመጣበትን መፍዘዝ ለማባረር ይቅማል፤ ይህን ለነርሱ ከመደበቅ መናገሩ ይጠቅመዋል።

ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአማኑኤል ምትክ ነው?

አይደለም፣ አማኑኤል በነበረበት ሥራውን ቀጥሏል። ኤካ ኮተቤ የአእምሮ ሕክምናም የሚሰጥ ሆስፒታል ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ስሙን የሰማው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ታማሚዎች ማከሚያ ሲደረግ ነው።

በአማኑኤል ካርድ ያለው ሰው ክትትሉን በሐረር ወይም በድሬዳዋ መቀጠል ይችላል?

ይችላል። ከአማኑኤል ወደ ቅርብ ሆስፒታል የሚጻፍ የሪፈር ወረቀት መጠየቅ በቂ ነው፤ ወረቀቱ የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን፣ መርፌ ከሆነም የመጨረሻው የተወጋበትን ቀን መያዝ አለበት። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው የመድኃኒቱን ባዶ ማሸጊያ ወይም የቀረውን ክኒን ይዞ ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ድል ጮራ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢቀርብ፣ ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ ሊያየው ይችላል። አዲሱ ካርድ እስኪወጣ ድረስ ግን መድኃኒቱ መቋረጥ የለበትም፤ በተለይ ፌኖባርቢታል የሚወስድ የሚጥል በሽታ ታማሚ በድንገት ካቆመ የማያባራና ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊከተል ስለሚችል፣ የወሩ ክኒን ከማለቁ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ወደ ሆስፒታሉ መሄድ ይገባዋል።